ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይጀምሩ፦ ልብ ከታመመ በኋላ ጉልበትን መመለሻ፣ ከጾም ማዕድ ጋር

ደብረ ታቦር ላይ ልቡን የታመመ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ምን እንደሚደረግለት አውቃለሁ። ጋቢ ይደረብለታል፤ ፀሐይ በምትገባበት በኩል ይነጠፍለታል፤ ውሃ ሊቀዳ ብድግ ሲል ሦስት ሰው በአንድ አፍ «ኧረ ተቀመጥ!» ይለዋል። ፍቅር ነው፤ አልነቅፈውም። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አባት ግን ሁለት ወር እንዲህ ከተያዙ በኋላ ከመደብ ለመነሣት የሰው ክንድ የሚሹ ሆኑ። ለክትትል ሲሄዱ ሐኪሙ ልባቸው እየተሻለው እንደሆነ ነገራቸው። የከዳቸው ጭናቸው ነበር።

ሥራ የፈታ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ዕድሜው ለገፋ ሰው ደግሞ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። ጡንቻ ሲሟሽሽ ሸክሙ ወደ ልብ ይዞራል፦ ጭኑ የጠና ሰው ሳይታወቀው የሚወጣትን ደረጃ፣ ጭኑ የላላው ሰው ልቡ ደረቱን እየደለቀ ይወጣታል። ሐኪሞችም ይህን የተረዱት ዘግይተው ነው። ቀድሞ የልቡ ደም ሥር የተዘጋ ሰው ለሳምንታት አልጋ ላይ እንዲጋደም ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቦስተን ውስጥ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ ሐኪሞች በሽተኞቻቸውን ከአልጋ አውርደው ወንበር ላይ ማስቀመጣቸው ራሱ እንደ ድፍረት ታየ። ዛሬ በመጠን የተያዘ ክብደት ማንሣት የልብ ሕክምና አንድ ክፍል ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ጂም ሳይገቡ፣ እቤትዎ ባለ ዕቃ፣ በጾምም በፍስክም ሊሠሩበት ይችላሉ። አንድ ነገር ግን ይቀድማል።

የበሽታዎን ስም ይወቁ

«የልብ ድካም» የምንለው ቃል ብዙ ይሸፍናል። የልብ ደም ሥር በድንገት ተዘግቶ ደረት ሲጨመድድ የልብ ድካም እንላለን፤ ልብ ደም የመርጨት ዐቅሙ ቀንሶ እግር ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥርም ያንኑ እንላለን። በእኛ አገር ሦስተኛም አለ፦ በልጅነት የጉሮሮ ቁስል ሳይታከም ቀርቶ መዘዙ በልብ በሮች ላይ የሚወጣው፣ የሩማቲክ ልብ ሕመም የሚባለው። ብዙ ወጣት የሚይዘው እሱ ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ፣ ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው፣ ለዓመታት ሲታገለው የኖረው ይህንን በሽታ ነው።

ሦስቱ በሽታዎች የያዟቸው ሰዎች ለክብደት ያላቸው ዐቅም አንድ አይደለም። ስለዚህ ወደ ክትትል ሲሄዱ፣ ደብረ ታቦር ሆስፒታልም ይሁን ባሕር ዳር ወይም ጎንደር፣ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፦ የበሽታዬ ስም ምንድን ነው? ክብደት ማንሣት ይፈቀድልኛል ወይ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ ስንት ኪሎ? ከምወስደው መድኃኒት ጋር የማይስማማ ምግብ አለ ወይ? መልሱን እዚያው ይጻፉት። ሰው ከሐኪም ክፍል ሲወጣ የተነገረውን ግማሹን በር ላይ ይጥለዋል።

አንዳንድ ሰው ለጊዜው ክብደት የሚባል ነገር መንካት የለበትም። ተቀምጦ ሳለ ደረቱን የሚያመው ወይም ሕመሙ ሰሞኑን የባሰበት፣ የደም ግፊቱ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብ በሩ በጣም ጠብቧል የተባለ፣ ምቱ ተዛብቶ በመድኃኒት ያልተያዘለት፣ እግሩ ያበጠና ጋለል ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መጀመሪያ ይታከም። ይህ ጽሑፍ ይጠብቀዋል።

የተፈቀደለትም ቀኑን ይጠብቅ። የልብ ደም ሥር መዘጋት የደረሰበት ሰው ብዙውን ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል በእግር ጉዞ ብቻ ይቆያል። ደረቱ ተከፍቶ የተሠራለት ደግሞ የፍርምባው አጥንት እስኪገጥም ድረስ፣ እስከ 12 ሳምንት፣ በክንዱ ከባድ ነገር አያነሣም፣ አይጎትትም፣ በእጁ ተመርኩዞ ከአልጋ አይነሣም። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። «ትንሽ ውሃ ብቻ ላምጣ» እያሉ የተሰፋ ደረታቸውን የጎዱ አሉ።

እግር ይቅደም

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የምንስበው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ይልቅ ኦክስጅኑ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ተወልዶ ያደገበት ሰው ለምዶታል፤ የታመመ ልብ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ከባሕር ዳር ወይም ከቆላ ዘመድ ቤት የተመለሰ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ቀስ ይበል።

በቀን ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ በሜዳው ላይ ይሂዱ፤ በየሁለት ቀኑ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ፤ ሳያርፉ 30 ደቂቃ እስኪደርሱ። ዳገት የግድ ካለ ሲሄዱ ይውጡት፣ ሲመለሱ ቁልቁል ይሁንልዎ። ልኩን የሚነግርዎ አፍዎ ነው፦ አብሮዎት ከሚሄደው ሰው ጋር ሳያቋርጡ ማውራት ከቻሉ ደህና ነዎት፤ መዝሙር መዘመር ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ፤ ቃል በቃል እየቆራረጡ ከሆነ ይቁሙ። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ካርቬዲሎል የሚወስድ ሰው የልብ ምቱን ቆጥሮ ድካሙን ሊያውቅ አይችልም፤ መድኃኒቱ ምቱን ይይዘዋልና በንግግሩ ይመዘን።

ስለ ብርዱ አንድ ነገር ልበል። ብርድ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ከጉና ተራራ በሚወርደው ንፋስ ውስጥ ጎሕ ሳይቀድ ለኪዳን ዳገቱን የሚወጡ ብዙ እናቶችና አባቶች አሉን። ልብዎ ከታመመ ወዲህ ግን ለጉዞው ፀሐይ ትውጣ፤ ሦስት ሰዓት ጥሩ ነው። ቀድሞ መውጣት ካለብዎ አፍና አፍንጫዎን በነጠላዎ ሸፍነው፣ ሰው አስከትለው፣ እያረፉ ይሂዱ። ወራት አልፈው ጋፋት ድረስ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ፣ ደርሶ መመለስ ይቻል ይሆናል። ለዛሬ ጎረቤት ቤት ደርሰው ይመለሱ።

አሁን ጉልበቱ

ዕቃዎ ይህ ነው፦ ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር፣ አንድ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን፣ ከጎሚስታ ቤት የተገኘ አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የማይነቃነቅ ወንበር ወይም መደብ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያሻዎትም። ሲጠነክሩ ውሃ ይጨምራሉ፣ ሲደክሙ ይቀንሳሉ።

ከእንቅስቃሴው ሁሉ በፊት ትንፋሽን ይማሩ። እኛ ከባድ ነገር ስናነሣ ትንፋሻችንን ደረታችን ውስጥ አምቀን «እህ!» ብለን ነው። ያቺ እምቅታ የደም ግፊትን በአንድ አፍታ ወደ ላይ ትወረውረዋለች፤ ለጤነኛ ምንም አይደለም፣ ለታመመ ልብ ግን አደጋ ናት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክብደቱ በሚወጣበት ጊዜ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይቁጠሩ። ጮኾ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ሊያምቅ አይችልም። ሲያወርዱ በአፍንጫ ያስገቡ።

ከሁሉ የማስቀድመው ከመደብ መነሣትን ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢተዉ ይህችን አይተዉብኝ። መደቡ ጫፍ ላይ ይቀመጡ። እግሮችዎን በትከሻ ስፋት ከፍተው፣ ተረከዝዎን ከጉልበትዎ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። እጆችዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ። አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ በላይ እስኪመጣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፤ ሰው የሚቸገረው ቀጥ ብሎ ለመነሣት ሲሞክር ነው። «አንድ!» ብለው በተረከዝዎ መሬቱን እየገፉ ይነሡ። ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ አንድ ጊዜ ይተንፍሱ፣ ከዚያ ሦስት እየቆጠሩ በዝግታ ይቀመጡ። ዘጭ ብለው አይውደቁ፤ ጡንቻውን የሚሠራው ያ ዝግታ ነው። መጀመሪያ አምስት ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። እጅ ሳይመረኮዙ መነሣት ካልቻሉ መደቡ ላይ ብርድ ልብስ አጣጥፈው ከፍ ያድርጉት፤ በየሳምንቱ አንድ እጥፋት ያንሱለት። እኚያ ጎረቤታችን የዳኑት በዚህ ነው፤ ከሦስት እጥፍ ብርድ ልብስ ተነሥተው ባዶው መደብ ላይ ሲደርሱ ክረምቱ ወጥቶ ነበር።

ቀጥሎ ግድግዳ መግፋት አለ፦ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቀው ቆመው፣ መዳፍዎን በደረት ቁመት አሳርፈው፣ ክርንዎን እያጠፉ ይጠጉና እየቆጠሩ ይግፉት። ከዚያ ከመነዳሪውን በምሰሶ ላይ አስረው ሁለቱን ጫፍ ወደ ጎድንዎ ይሳቡ፤ የትከሻ አጥንቶችዎ ጀርባዎ ላይ እንዲቀራረቡ። ሃይላንዶቹን በሁለት እጅ ይዘው ክርን እያጠፉ እስከ ትከሻ ያንሡ። የወንበር ድጋፍ ይዘው በእግር ጣት ይቁሙና ይውረዱ፤ ባት ሲሠራ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይገፋል። ደረታቸው የተሠራላቸው ሰዎች እስኪፈቀድላቸው ድረስ የክንዱን ትተው የእግሩን ብቻ ይሥሩ።

በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ይሁንልዎ፣ ጡንቻው መካከል ላይ እንዲያርፍ። አምስት ደቂቃ እቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብለው ሰውነትዎን ያሙቁ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሳምንታት እያንዳንዱን ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ አንድ ዙር ብቻ። ድካሙ ከዐሥር ቢለካ ሦስት ወይም አራት ላይ ይሁን፦ «ሠርቻለሁ፣ ግን ልደግመው እችላለሁ» የሚያሰኝ። 15ቱ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ሲቀልልዎ አንድ ዙር ይጨምሩ። ሁለት ዙር ሲቀል ከግማሽ ሊትሩ ወደ ሁለት ሊትሩ ይሂዱ፤ መጀመሪያ ግን ግማሽ ድረስ ብቻ ሞልተውት። ባለ አምስት ሊትሩን ጀሪካን ይዞ በግቢ ውስጥ መራመድ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይመጣል። ጨርሰው ወዲያው አይቀመጡ፤ ቀስ እያሉ ይራመዱና ይብረዱ።

ደረት ከተጫነዎ፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ራስዎን ካዞርዎ፣ የልብዎ ምት ከተዛባ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎ ዕቃውን ያስቀምጡና ይቀመጡ። ከምላስ ሥር የሚደረግ መድኃኒት ታዞልዎት ከሆነ እንደታዘዘው ይውሰዱ። በአምስት ደቂቃ ካልተወዎ «ያልፋል» ብለው አይተኙ፤ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሌላም ወጥመድ አለ። በማግስቱ ጡንቻው ሲቆረጥመው ብዙ ሰው ፋርማሲ ሄዶ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛል። እነዚህ መድኃኒቶች ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ኩላሊትን ይጫናሉ፣ የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው መድማትን ያመጣሉ። የልብ ሕመምተኛ መሆንዎን ሳይናገሩ የሕመም ማስታገሻ አይግዙ። ለጡንቻ ቁርጥማት ለብ ያለ ውሃና እረፍት ይበቃል፤ ካልሆነ ስለ ፓራሲታሞል ይጠይቁ።

ማዕዱ

ለልብ ከሥጋና ከቅቤ ቀንሱ የሚለው ምክር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሁዳዴው 55 ቀን፣ የነቢያት ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ የዓመቱ ግማሽ ያህል ጾም ነው። ግን ጾም ስለሆነ ብቻ ለልብ ተስማማ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊው ሐኪም ዲን ኦርኒሽና ባልደረቦቹ ላንሴት በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ የልብ ደም ሥራቸው የጠበበ ሰዎች በአትክልት ምግብ፣ በእንቅስቃሴ፣ ሲጋራ በመተውና መንፈስን በማሳረፍ ጥበቱን በመጠኑ ሊመልሱት እንደሚችሉ አመለከተ። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ነበሩ። እኔ የማነሣው በሌላ ምክንያት ነው፦ እነዚያ ሰዎች የበሉት ምግብ እጅግ ጥቂት ስብ ያለበት ነበር። የእኛ የጾም ወጥ ግን ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ካልታየ ያልበሰለ ይመስለናል፤ ቁርሱ ደግሞ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ነው።

ስለዚህ ዘይቱን በማንኪያ ይለኩ፤ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለ ስብ ስለሆነ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል። ሽንኩርቱን በውሃ እያቁላሉ ዘይቱን ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት፤ ጣዕሙ ይሰማል፣ መጠኑም ያንሳል።

ጡንቻ የሚገነባው ግን ከጥራጥሬ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ኩላሊቱ ጤነኛ ከሆነ በቀን 60 ግራምና ትንሽ ከዚያ በላይ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በቡና ሲኒ ይለኩት፦ አንድ ሲኒ ያልበሰለ ምስር ወደ 15 ግራም ፕሮቲን ይይዛል፤ ባቄላም እዚያው ነው፣ ሽምብራ ትንሽ ያንሳል። ጥራጥሬው በቀን ሦስት ሲኒ ከሆነ ቀሪውን እንጀራው ይሞላዋል። ብዙ ታማሚ ግን በአንድ ጭልፋ ቀጭን ሽሮ ሁለት እንጀራ ይበላና «ጉልበት የለኝም» ይላል።

የደቡብ ጎንደር ደጋ ለዚህ አይታማም። ገብሱ፣ ባቄላው፣ አተሩ እዚሁ ነው፤ ስልጆና እልበት የምታውቅ ባለሙያ ያለችበት ቤት የፕሮቲን ችግር የለበትም። ጠዋት የገብስ ገንፎ በተልባ፣ ቀን ምስር ወይም ድፍን አተር ከጎመንና ካሮት ጋር፣ ወደ ማታ የባቄላ አሹቅ ወይም ንፍሮ፣ መካከል ላይ ጨው ያልገባበት የሽምብራና የለውዝ ቆሎ። የፎገራ ሩዝ ሲሠራ ግማሽ በግማሽ ከምስር ጋር ይቀቀል። ከጾም ውጭም ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ለመራቅ ከወሰኑ ቫይታሚን ቢ12 በኪኒን መውሰድ ግድ ነው፤ ከጥራጥሬና ከአትክልት አይገኝም።

ስለ ሁለት ጥራጥሬዎች ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ግብጦ ፕሮቲኑ ከብዙዎቹ ይበልጣል፤ መራራነቱ ግን ጣዕም ብቻ አይደለም። መራራ ያደረገው ንጥረ ነገር በደንብ ካልወጣ አፍ ያደርቃል፣ ዐይን ያደበዝዛል፣ የልብ ምትንም ያዛባል። ተቆልቶ ወይም ተቀቅሎ፣ ለቀናት ውሃ እየተለወጠለት ወይም ወንዝ ውስጥ ተነክሮ መራራው ፈጽሞ ካልጠፋ ልቡን የታመመ ሰው አይቅመሰው። ሁለተኛው ጓያ ነው። ሽሮው ርካሽ ነው፣ ይጣፍጣል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግርን ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 ደምቢያና ፎገራ ላይ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። እግሩን ለማጠንከር ከመደብ እየተነሣ የሚለማመድ ሰው ማታ የጓያ ሽሮ ቢበላ ልፋቱን በገዛ እጁ ያፈርሳል። የተፈጨ ሽሮ ሲገዙ ከምን እንደተፈጨ ይጠይቁ፤ ከተቻለ እህሉን ገዝተው እቤት ያስፈጩ።

ጨው፣ ጎመን፣ ድንች

በእኛ ቤት ጨው ሦስት ጊዜ ይገባል፦ በርበሬው ሲዘጋጅ፣ ሽሮው ሲቀመም፣ ወጡ ሲወርድ። አብሳይዋ የምታየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። የቀኑ ጨው በጠቅላላ፣ ዳቦው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ፣ ከአንድ ሻይ ማንኪያ በታች መሆን አለበት። ስለዚህ የዓመቱ በርበሬና ሽሮ ሲሰናዳ የታማሚው ድርሻ ያለ ጨው ተለይቶ ይቀመጥ፤ ወጡም ያለ ጨው ይውረድና እያንዳንዱ በሳህኑ ይጨምር። በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላ ይካስ። የሚገዛው ጨው ግን አዮዲን ያለበት ይሁን፤ እንቅርት የደጋ አገር ሕመም ነውና። ቡና በጨው የሚጠጡም ይተዉት።

ሰው ሠራሽ የልብ በር ተገጥሞላቸው ወይም በሌላ ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች፣ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ሳማም ቢሆን በቫይታሚን ኬ የተሞሉ ናቸው፤ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። በፍስክ ጎመን የማይነካ ሰው ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ጎመን ከበላ ደሙ ይረጋል፣ በሩ ላይ ሊቋጠር ይችላል። ፋሲካ ሲሆን ጎመኑን በአንድ ቀን ከተወ ደግሞ መድኃኒቱ ይበረታና መድማት ይመጣል። ጎመን ይከልከል አልልም፤ መጠኑ አይለዋወጥ ነው የምለው። በሳምንት ሦስት ቀን የሚበሉ ከሆነ በጾምም በፍስክም ሦስት ቀን ይሁን። ጾም ከመግባቱ በፊትና ከገባ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ የደሙን መቅጠን ይለኩ።

ስፓይሮኖላክቶንና ኢናላፕሪል አብረው የሚወስዱ ደግሞ ስለ ድንች ይጠይቁ። ሁለቱ መድኃኒቶች ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፤ ድንችና ጥራጥሬ ደግሞ ፖታሲየም አላቸው፤ ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል። የደም ምርመራው ደህና ከሆነ ያለ ስጋት ይብሉ፤ ከፍ ብሏል ከተባሉ ድንቹን ልጠው፣ ከትፈው፣ በብዙ ውሃ ቀቅለው ውሃውን ይድፉት።

ጾም ሲገባና ሲፈታ

የጾሙን ምግብ መመገብ አንድ ነገር ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ሳይቀምሱ መቆየት ሌላ። የሚያሸናውን መድኃኒት፣ ፉሮሰማይድን፣ ወስዶ ሙሉ ቀን ውሃ ያልጠጣ ሰው ቅዳሴ ላይ ቆሞ ሳለ ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት መጀመሪያ ሐኪምዎን፣ ቀጥሎ የንስሐ አባትዎን ያናግሩ። ቀኖናው ለሕሙም ቦታ አለው፤ ሰዓቱን አሳጥሮ የጾሙን ምግብ መብላት ለብዙ ታማሚ የሚበጅ መንገድ ነው። በረመዳን የሚጾሙም እንዲሁ ሐኪማቸውንና ኢማማቸውን አስቀድመው ያማክሩ። መድኃኒቱን ለጾም ብሎ ማቆም፣ ወይም የጠዋቱንና የማታውን ባንድ ላይ መዋጥ አይቻልም። ለሩማቲክ ልብ ሕመም በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጉም ቀኑን አያሳልፉ። በጾም ወራት የጉልበት ሥራው በባዶ ሆድ አይሁን፤ ከበሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ወደ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያድርጉት።

ከጾሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ፍቺው ነው። ከ55 ቀን በኋላ በአንድ ሌሊት ዶሮ፣ ቅቤ፣ ጥሬ ሥጋ፣ አረቄ። ጨውና ስቡ አንድ ላይ ሲወርድበት የደከመ ልብ ይጨነቃል። ለፋሲካ አንድ እንቁላልና ጥቂት ወጥ በአይብ ቀምሰው ይነሡ፤ ጠላውንም እንደ ውሃ ይቁጠሩት፣ ፈሳሽ የተመጠነላቸው ሰዎች ጠላንና ሾርባን ከቁጥር ይረሳሉ።

በጾምም ይሁን በፍስክ፣ ሁልጊዜ ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ ይመዘኑ። እቤት ሚዛን ከሌለ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ዘንድ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ያ ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው። ቅልጥምዎን በአውራ ጣት ተጭነው ጎድጉዶ ከቀረ፣ ጫማው ከጠበበ፣ ማታ ትራስ መደራረብ ከጀመሩ ክብደት ማንሣቱን ያቁሙና ወደ ሐኪም ይሂዱ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስለሚኖር የአንድ ወር መድኃኒት ሁልጊዜ በቤትዎ ይኑር።

ወደ እርሻ፣ ወደ ሥራ

ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ልቡን የታመመ ሰው እሱን ለመሸከም አይለማመድ፤ ይተወው። እንስራ በጀርባ ተሸክሞ ዳገት መውጣትም እንደዚሁ፤ ውሃውን በሁለት ትንንሽ ጀሪካን ከፍለው በሁለት እጅ፣ በሁለት ምልልስ ያምጡት። እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ጭሱ የሚወጣበት መስኮት ይክፈቱ፤ ጭስ የደም ሥርን ይጎዳል። ከተቻለ ምጣዱን ለጥቂት ወራት ለሌላ ሰው ይስጡ።

ማረስ ከሁሉም ይከብዳል፤ እግር፣ ክንድና ትንፋሽ ባንድ ላይ ይሠሩበታልና። ሳያርፉ 30 ደቂቃ መራመድ፣ ከመደብ 15 ጊዜ ሁለት ዙር መነሣት፣ አምስት ሊትሩን ይዘው ግቢውን መዞር ከቻሉና ሐኪሙ ከፈቀደ ይሞክሩት፤ የመጀመሪያው ቀን ግን ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ለስላሳ ማሳ ላይ፣ ሰው አጠገብዎ ሳለ ይሁን። ሁለት ሦስት ትልም ይረሱና እርፉን ለልጅዎ ይስጡ፤ ዳር ላይ ተቀምጠው ከእሱ ጋር ያውሩ፣ ቃሉ ሳይቆራረጥ ከወጣልዎ በማግስቱ አራተኛውን ትልም ይጨምሩ።